የተዘለለችው መስመር

ኅዳር 6፣ ሰኞ። ከጧቱ 4 ሰዓት

ዛሬም ያጠጣሉ። በጣሳ፣ በባልዲ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን። ልጁ ሁሉ ተሰልፎ ከእጅ ፓምፑ እስከ መሬቴ ይመላለሳል።

መሬቴ አልኩ። አንተ ደብተር፣ አትታዘበኝ። ሰው ፊት እንዲህ አልልም። ከሰኔ ወዲህ ስሙ «የት/ቤቱ የተግባር ትምህርት ማሳ» ነው። ቆርቆሮ ላይ ጽፈው ተክለውታል። ከሽንኩርቱ በፊት የተተከለው ቆርቆሮው ነው። እስካሁን የጸደቀውም እሱ ብቻ።

ከአጥሬ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። መ/ርት ጽጌ ጫማዋን በእጇ ይዛ በመደቡ መካከል ትራመዳለች። የአዲስ አበባ ልጅ። ታዘምራቸዋለች። ሽንኩርት በመዝሙር የሚያድግ መስሏታል።

የፓምፑ ውሃ ጨው ነው። የዚህ ሰፈር ልጅ ጥርሱ ለምን ቡናማ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። ሲቸግረን እንጠጣዋለን፣ ለአትክልት ግን አንነካውም። ለአትክልት ከአዋሽ የሚመጣው ቦይ አለ። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ራቃቸው።

እኔ ዓለም ጤና ከተማ ሳለሁ በሰው ማሳ ሃያ ዓመት ሽንኩርት ተክያለሁ፤ እዚህ ናዝሬት አጠገብ በራሴ ማሳ አሥራ አንድ። ማን ጠየቀኝ?

በርጩማዬን ይዤ ገባሁ።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ወረቀቱን ከሙዳዩ አወጣሁት። መሬቱን ለት/ቤቱ ሲወስዱ የሰጡኝን።

ሰኔ ላይ ያነበበልኝ ጓድ አበራ ነው፣ የቀበሌው ሊ/መንበር። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፋው ሱሪ አንዱ እግር ካንዱ ይረዝማል። አንብቦ ሲጨርስ የቀለሙን ሙዳይ ገፋልኝ። መጻፍ ትችያለሽ ወይ እንኳ አላለም። ስሜን መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። አፍሬ አውራ ጣቴን ነከርኩ።

ዛሬ ራሴ አነበብኩት። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እሱ ያላነበባት አንዲት መስመር አለች። «የወረዳው ኮሚቴ ታኅሣሥ 10 ቀን ሲጎበኝ ማሳው ለምቶ ካልተገኘ መሬቱ ለቀድሞ ተጠቃሚዋ ይመለሳል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ዘለላት! ያ ሱሪ አበላሺ።

ከቤቴ ጀርባ የሽንኩርት ችግኝ አለኝ። መስከረም ላይ በልማድ ዘራሁት፣ የምተክልበት ሳይኖረኝ። አሁን የምተክልበት ተገኘ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። አፌን መያዝ ብቻ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ጽጌ ናት። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ። «ሀ» ብዬ ስጽፍ እንደ ሕፃን አጨበጨበችልኝ። አልረሳላትም።

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

መንደሩ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭሱ ዓይን ያወጣል። በዚሁ መሐል ወላጆች ለኅብረት ሥራ ተጠሩ። ጓድ አበራ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ወንዶቹ ዶማ ተደግፈው የሰው ሚስት ያማሉ፤ ሴቶቹ ማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው እኔን።

ኦቦ ገመቹ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የት/ቤቱ ዘበኛ ነው፣ የአገሩ ሰው። ሰላምታውን እንደ ልማዱ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው። ከዚያ ወደ መደቡ አገጩን ቀሰረ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ ሽንኩርት እኮ ዋና ሊለምድ ነው።»

ለምን አትነግራቸውም አልኩት። የምጠብቀው በሩን ነው እንጂ ሽንኩርቱን አይደለም አለ። እርስዎስ አለኝ። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ ብዬ ሳልኩ።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆነ። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጽጌ ጠምቶት ነው አለች። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሁለቴ ይጠጣል። መዝሙሩ ቀንሷል።

ደስ አለኝ። እሰይ።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ጽጌ ቤቴ መጣች። መጽሐፍ ይዛ! ስለ ሽንኩርት ትል የተጻፈውን አነበበችልኝና ይሄ ይሆን አለች። መጽሐፉ ያውቃል አልኳት። ዓይኗ ቀልቷል። ተቀመጪ አላልኳትም።

ልትወጣ ስትል ከቤቱ ጀርባ ችግኜን አየችው። ረዝሟል፣ መተከያው እያለፈ ነው።

«እማማ፣ ይሄን ሣር ለምን አያሳጭዱትም? እባብ ይገባበታል።»

ሣር! ይህቺ ናት ግብርና የምታስተምር። ስትሄድ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አትጠይቀኝ።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ብዕሩን እንደ ዶማ ጨብጬዋለሁ። ፊደሉ ቢጣመም ቻለው።

ጠዋት ጓድ አበራ ማሳውን አየ። ግማሹ ተኝቷል። ሳያጎነብስ፣ አፈሩን በእጁ ሳይነካ ፈረደ። መሬቱ ድሮም የሞተ ነው፤ አሮጊቷ ስትግጠው ኖራ ጨርሳዋለች። ለኮሚቴው እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፣ መሬቱም ለራሷ ይመለስላት። እንደ ቆሻሻ ሊመልስልኝ ነው።

ጽጌ አልተከራከረችም። ልጆቹን ግራሩ ሥር ሰበሰበች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ከአጥሬ ሆኜ አነበብኩ። «ውጤት። የዚህ ማሳ አፈር ደክሟል። ሽንኩርት አያበቅልም።» ልጁ ሁሉ በደብተሩ ገለበጠ። አንዱ፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ።

«እማማ ዘነቡ! አፈሩን በልተው ጨረሱት እንዴ?»

ሳቁ። ጽጌም ከንፈሯን ነከሰች።

አሥራ አንድ ዓመት የከብት እበት በጀርባዬ ተሸክሜ ያበላሁት አፈር ነው። ናዝሬት ገበያ ሽንኩርቴን ሳያዩ በስሜ ይገዙኝ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ዝም ብል መሬቴን አገኛለሁ። ይሄን ደብተር የያዘ ልጅ ሁሉ ግን አድጎ፣ ወልዶ፣ ዘነበች የገደለችው መሬት እያለ ይኖራል። በጽሑፍ!

ማንበብ ባልማር ኖሮ ይሄን አላየውም ነበር። ይኸው ነው ትርፉ።

ኅዳር 29፣ ረቡዕ

ሄድኩ።

ባልዲ አስቀምጡ አልኩ። አስቀመጡ። ነጩን ከመደቡ ላይ በጥፍሬ ፍቄ ለጽጌ ዘረጋሁላት።

«ቅመሺ።»

«እማማ፣ አፈር እኮ ነው…»

«ቅመሺ አልኩሽ!»

ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ የፓምፑን ውሃ አስጎነጨኋት፣ ከዚያ የቦዩን። ልጆቹንም በሰልፍ፣ አንድ በአንድ። የወፍጮ ቤቱን ልጅ ሁለቴ። ምራቁን እየተፋ ጨው ነው አለ። ታዲያ ማን አጠጣው አልኩት። ጣሳውን ከጀርባው ደበቀ።

ጽጌ ነጩን ከጣቷ በቀሚሷ ጠረገች። መጽሐፏን ጭቃው ላይ ጥላዋለች። ላነሳላት ነበር፤ ተውኩት።

ሰሌዳውን የወፍጮ ቤቱ ልጅ በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ ሥራ። የአፈሩን ቅርፊት ሰበርን፣ ከቦዩ መስመር ቀደድን፣ ጨዉ እንዲታጠብ አንድ ጊዜ አጥለቅልቀን ውሃውን በታች በኩል ለቀቅን። ከእንግዲህ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ፀሐይ ሲበርድ። ዶማ አያያዛቸው! ማንኪያ የያዙ ይመስላሉ። ሰደብኳቸው። ቀጥ ብለው ሠሩ።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ከግማሽ የሚበልጠው ሞቷል። ባዶ መደብ ለኮሚቴ አይቀርብም። ችግኜን ከቤቴ ጀርባ ቆሜ አየሁት። ብዙ ጊዜ አየሁት።

ጽጌ ዘንድ ልጅ ላክሁ። ሣሩን ለማጨድ ኑ፣ እባቡን እኔ እይዛለሁ ብዬ። ስትደርስ ገብቷታል፤ እስከ አንገቷ ቀልታለች። እማማ ይቅር ይበሉኝ አለች። ሥሩን እንዳትበጥሺ አልኳት።

ወላጆቹም መጡ። ጓድ አበራ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዷል። ንግግር ስላልነበረ ሥራ ነበረ። ኦቦ ገመቹ ዶማ ይዞ ገባ። በሩስ አልኩት። በሩ የትም አይሄድም አለ። እነዚያ ግራር ሥር የሚያሙኝ ሴቶች ተንበርክከው ተከሉ። አንዷ ውሃ አቀበለችኝ። ንጹሕ ጣሳ እንኳ የላትም። ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ቆሟል። አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ቀጥ ያለ፣ አረንጓዴ። የእኔው ከእነሱ እንደሚበልጥ ከሩቅ ይታያል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ «ውጤት» ያሉትን ሰርዘው ስለ ጨው ጽፈዋል። አስመጥቼ አነበብኩት። ፊደላቸው ከእኔ ይከፋል።

ወረቀቱን ለኦቦ ገመቹ አሳየሁት፤ ማንበብ ስለማይችል መስመሯን አነበብኩለት። ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

«እትዬ ዘነቡ፣ በገዛ እጅዎ? ዝም ቢሉ እኮ የእርስዎ ነበር።»

አውቃለሁ አልኩት። ሞተ ተብሎ የሚመለስልኝን መሬት አልፈልግም አልኩት። ከንፈሩን መጠጠ። መምጠጥ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ። ከጧቱ 2 ሰዓት

ኮሚቴው መጥቷል። ወላጆቹ ግራሩ ሥር ናቸው። ጓድ አበራ ባዲስ ካኪ ማሳው ዳር ቆሞ ያመለክታል፣ ሽንኩርት በንግግሩ የበቀለ ይመስል።

ታጥቤያለሁ። ነጠላዬ ንጹሕ ነው። ወረቀቱ በጡቴ ሥር አለ።

ማሳው ለምቷል። ስለዚህ በዚያች መስመር መሬቱ የእነሱ ነው። እንዲያም ሆኖ ቆሜ አነባታለሁ። ሰኔ ላይ ማን እንደዘለላት እየተናገርኩ፣ እሱ ባለበት፣ እነዚህ ሁሉ ባሉበት። ከዚያ መሬቴን ደህና አፈር ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ይከለክሉኛል። ይከልክሉ። የማንን መሬት እንደከለከሉ ግን እየሰሙ ይከልክሉ።

መስመሯን በቃሌ አውቃታለሁ። በቃሌ አልላትም። ከወረቀቱ ላይ ነው፣ ጣቴን ከሥሯ እያስኬድኩ፣ ቀለም ውስጥ ያስነከረኝን ያንኑ ጣት። ቀስ ብዬ። ፀሐይ ላይ ቆመው ይስሙ።

ደወሉ ተመታ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ በሬን እየደበደበ ነው፣ እማማ ይምጡ፣ እርስዎ ሳይመጡ አይጀመርም ብላለች ጽጌ እያለ። መጣሁ፣ በሬን አትስበረው፣ አንተ ልጅ!