ስማቸው የታጠበ ሁለት ስላይዶች፦ የወይዘሮ ኤርሊንዳ ጋሪንጋላኦ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤርሊንዳ ጋሪንጋላኦ ከአባታቸው ከአቶ ክሪስፑሎ ጋሪንጋላኦና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናታሊያ ጌንቶሪያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1956 በጊምባል ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ልጅ በመሆናቸው ታናናሾቻቸውን አምስታችንን አዝለው አሳድገውናል። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ይህን ጻፊ የተባልኩት ሌሎቹ ስለደከሙ ነው፤ እኔም ደክሞኛል።

ትምህርታቸውን በጊምባል ጀምረው በኢሎይሎ ከተማ በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ በ1977 ተመረቁ። በ1980 ጂፕኒ የተባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ከሆኑት ከአቶ ሮዴሊዮ ታሌዮን ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። በከተማው በሚገኝ ሆስፒታል ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገሉት አንድ ወንበር ላይ ነው። ሐኪሙ ከእብጠት በቀጭን መርፌ የሳበውን ጠብታ ስላይድ በተባለች ትንሽ የመስታወት ቁራጭ ላይ ያሳርፋሉ፤ በሌላ ስላይድ ስስ አድርገው ይስቡታል፤ ሳይደርቅ አልኮል ውስጥ ይነክሩታል፤ ቀለም አልብሰው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ሕዋሱ ካነሰ «አይበቃም፣ እንደገና ይወጋ» ብለው ይመልሳሉ። በዚህ ያልተቀየማቸው ሐኪም የለም።

በ1991 አንድ የተጨናነቀ ሰኞ እርሳሳቸው ተሰበረ። የስላይድ ስም በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ እንደማይጻፍ፣ የእስክሪብቶውን ቀለም አልኮል እንደሚያጥበው ለተማሪ ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩት እርሳቸው ነበሩ። የዚያን ቀን ግን ቸኩለው በእስክሪብቶ ጻፉ፤ የሁለት ሴቶችን ስላይድም በአንድ ዕቃ ነከሩ። ሲያወጡት ስም የለም። አንዱ ጤነኛ ነው፤ ሌላው የጡት ካንሰር ነው። የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ባልደረባቸው ገምተው እንዲጽፉ መክሯቸው ነበር። እርሳቸው ጥፋታቸውን ለአለቃቸው ተናግረው ሁለቱንም ሴቶች አስጠሩ።

አንደኛዋ በማግስቱ መጥታ ተወጋች፤ ጤነኛ ሆነች። ካንሰሩ እንግዲህ የሁለተኛዋ፣ የወይዘሮ ኮንሶርሲያ ጋልፎ ነው። እርሳቸው ደግሞ ባሕር ማዶ ጊማራስ ደሴት ላይ ነበሩ፤ አልመጡም። ቀዶ ሐኪሙም ስም በሌለው ስላይድ ቢላ አላነሣም አለ። ስለዚህ እኅቴ በየእሑዱ በጀልባ ይመላለሱ ጀመር። ወይዘሮዋ ቅቅል ሙዝ ያቀርቡላቸውና «ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ጥፋትሽን ይቅር ብዬሻለሁ። መርፌሽን ግን ለዓሣ አጥማጆቹ ስጪልኝ፤ መንጠቆ ይሁናቸው» ይሏቸዋል። እኅቴም «ናናይ፣ እናቴ፣ እኔ መቼ ይቅርታ ጠየቅኩዎት? ይምጡልኝ ነው ያልኩት» ይላሉ። በሰባተኛው እሑድ ባሕሩ ተናውጦ እያስመለሳቸው ሲደርሱ ወይዘሮዋ «ይህቺ ልጅ ከእኔ ቀድማ ልትሞትብኝ ነው» ብለው አብረው ተሳፈሩ። ተወጉ፤ ተረጋገጠ፤ ጡታቸው ተቆረጠ። ዛሬ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

በ2022 እኅቴ በራሳቸው ጡት ላይ እብጠት አገኙ። ለዘጠኝ ወር ደበቁን። ከታወቀ በኋላም እንዲመረመሩ ለምኛቸው «ስንቱን ሳይ ኖሬ የራሴን ማየት ደከመኝ» አሉኝ። ይህን የሰሙት ወይዘሮ ኮንሶርሲያ በጀልባ መጥተው በአንድ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ይዘዋቸው ሄዱ። እኔን የእናታቸውን ልጅ ሳይሰሙ እርሳቸውን መስማታቸው እስካሁን ቅር ይለኛል። ስላይዱን ያሰናዳችው የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች። እኅቴ በማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩና «በቂ ነው፤ ጻፊው» አሏት። ግን ዘግይቷል። በሽታው ወደ ሳንባቸው አልፎ ነበር፤ ጥር 19 ቀን 2024 በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስታችንን ታናናሾቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

እኔም ከነሐሴ ጀምሮ በግራ ጡቴ ሥር አንዲት ጠጣር ነገር አለችብኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴም የሚሰማው አሁን ከእናንተ ጋር ነው። ሰኞ ጠዋት እወጋለሁ። ጌታ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛን ደግሞ ሳይመሽብን ያስነሣን። አሜን።