በመውጫው በር ላይ ስም ስለመጥራት

ለኤጉዋሴ ምሽግ ሙዚየም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኤጉዋሴ፣ የፋንቲ ጠረፍ፣ ጋና
ቀን፦ ጁን 6 ቀን 2023

ጉዳዩ፦ ለጎብኚዎች የተሰቀለው የስም ሰሌዳ ተነሥቶ ስም በሰው አፍ መጥራት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የልጄ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ እንደ ደንባችን ባሕሩ ስለሚያርፍ ጀልባ አይወጣም፤ እኔም ዓሣ የማጨስበትን ምድጃ አመድ እየጠረግሁ ነበር። እህቴ አራባ ባዶ እግሯን ስትሮጥ አይቼ "ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ተጣላሽ?" ብዬ ሳቅሁባት። ልጄ ፊፊ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ኖሯል።

1. ሟቹ ልጄ ፊፊ ኤሱን በምሽጉ አስጎብኚ እንደነበር ያውቃሉ። ባሪያ ተብለው የተሸጡት ሰዎች ወደ መርከብ በወጡበት በር ላይ ቆሞ፣ ጎብኚውን ሁሉ ከሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደተወለደ ይጠይቅና በልማዳችን የቀኑን ስም አውጥቶለት ያሳልፈው ነበር። "እነዚያን እንደ ከብት ቆጥረው አስወጧቸው፤ እናንተ ግን ስማችሁ ሳይጠራ አትወጡም" ይላቸው ነበር።

2. አንድ ቀን ምሳውን ኬንኬ በዓሣ ይዤለት ስሄድ፣ ከባርባዶስ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ቀኔን አላውቅም አሉ። ፊፊም "እናትዎ በሕይወት ካሉ ይደውሉላቸዋ!" አላቸው። ደወሉ። አሮጊቷ በስልክ "ይኼን ለመጠየቅ ነው የቀሰቀስከኝ? ታስረህ ነው እንዴ?" ብለው ጮኹ። ቀጥለውም "ሐሙስ ነው፤ ዝናብ ነበር፣ አባትህም ሰክሮ ነበር" አሉ። በሩ ላይ ያልሳቀ አልነበረም። ልጄ "ኤኮው!" ብሎ ሲጠራቸው ሰውየው እየሳቁ ወጡ፤ ከበሩ ማዶ ግን ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

3. በእንዲህ ያለ ስፍራ መሳቅ ነውር ነው የሚል ቅሬታ ለጽሕፈት ቤቱ እንደቀረበ ሰምቻለሁ። ቅሬታው ከንቱ ነው አልልም። ፊፊ ቄሱ ሲያጠምቁትም የሳቀ ልጅ ነው፤ ምን ላድርገው? ነገር ግን ከቀብሩ በኋላ ስም መጥራቱ ቀርቶ፣ ስሞቹ ሁሉ የተጻፉበት ሰሌዳ በሩ ላይ ተሰቀለ፤ ጎብኚውም ደስ ያለውን እንዲመርጥ ተደረገ።

4. ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎብኚ ከዚያ ሰሌዳ "ኮፊ" የሚለውን መርጣ፣ በወረቀት ጽፋ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደች። ኮፊ ዓርብ የተወለደ ወንድ ስም ነው። ዓሣ ሻጮቹ "ኮፊዬ፣ ሚስትህን የት ጥለሃት መጣህ?" እያሉ በሳቅ ተንከባለሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩ ሲገባት ግን ፊቷ ጠቆረና "እኔ ምን ላውቅ! የጠየቀኝ ሰው የለም" አለች። ቀኗን ጠየቅኋት፤ ረቡዕ ነበር። "ኤኩዋ" ብዬ ጠራኋት። እጄን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

5. ክቡር ሆይ፣ ስም ከገበያ እንደሚመረጥ ጨርቅ አይደለም፤ ሌላ ሰው አውጥቶልህ ሲጠራህ ነው ያንተ የሚሆነው። እኔ ልጄን አጥቤ፣ ስሙን እየጠራሁ ቀብሬዋለሁ። በዚያ በር የወጡት ሰዎች እናቶች መርዶ እንኳ አልደረሳቸውም፤ ደጅ ደጁን እያዩ ነው ያረጁት።

ስለዚህ ሰሌዳው እንዲነሣና በበሩ ላይ ቀን ጠይቆ ስም የሚጠራ ሰው እንዲቆም በትሕትና እለምናለሁ። ሰው ከጠፋ፣ ባሕሩ በሚያርፍበት ማክሰኞ እኔው መጥቼ እቆማለሁ። ቀልዱን እንደ ፊፊ አልችልበትም፤ ስሞቹን ግን አልሳሳትም።

ይህን የምታነቡ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሁሉ፣ ለልጄ ለፊፊ ነፍስ ጸልዩለት። በዚያ በር ለወጡትም ጸልዩላቸው፤ ስማቸውን ባናውቅም ከሰኞ እስከ እሑድ ባሉት ስሞች ሁሉ እየጠራችሁ ጸልዩላቸው፤ ማንም እንዳይቀር።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

አባ ኤሱን
ሐሙስ በመወለዴ አባ የተባልሁ፣ የፊፊ እናት
(ፊርማ)