የመለስሁት ድንኳን

እታለም፣

እኅቷ ሞታ እንባ አልወጣትም የሚሉት ሐሰት ነው። እውነቱ እድሩ ለለቅሶሽ የላከውን ድንኳን ሳላስተክል መመለሴ ብቻ ነው። ካረፍሽ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋመሰ፤ እኔ ግን እርሜን አላወጣሁም።

አንቺን የማለቅስሽ ደልጊ፣ በአባታችን ግቢ፣ ከቀበሩሽ ሰዎች መካከል ነው ብዬ ነበር። መርዶ ሰምቶ እዚህ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ፣ ከእንግዲህ አገሬ አልገባም ብሎ መፈረም መሰለኝ።

ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት አራስ ልጄን ልጠይቅ ነበር፤ ክርስትናው እንዳለፈ እመለሳለሁ ብዬሽ። የሐይቁ ማዶ ታወከ፤ ጀልባው ደልጊ መድረሱን ተወ፤ ቀበሌው ወደዚያ ወገን የይለፍ ወረቀት አልጽፍም አለ። ያ ሕፃን ዛሬ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው።

ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ባሕር ዳር ፀሐይ ከውኃው አትወጣም። አባታችን ዳዊት ሲያስደግሙን ፊታችንን ወደ ውኃው መልሰው ያስቀምጡን ነበር። ብርሃኑ ዓይኔን ወግቶኝ መስመር ስስት፣ አንቺ ሳያዩሽ በክርንሽ ነካ ታደርጊኛለሽ። እዚህ ፀሐይ ከቤቶቹ ጀርባ ነው የምትወጣው። እስካሁን ስነቃ ፊቴን የማዞርበት ይጠፋኛል። ናፍቆት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ይለመዳል።

ትናንት ጎረቤቴ፣ የጅማዋ አስተማሪ፣ መጣች። ድንኳኑን መመለሴን አልነቀፈችም። እናቷ ጅማ ሲቀበሩ እርሷ እዚህ ድንኳን ውስጥ ስታለቅስ፣ አጠገቧ ተቀምጬ እህል ቅመሽ እያልሁ የተቆጣኋት እኔ እንደ ነበርሁ ብቻ አስታወሰችኝ። ያ ለቅሶ ሐሰት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አባታችን ቢሰሙ መስመር እንደ ሳትሁ ቆጥረው ባንበረከኩኝ።

መንገዱ አልተከፈተም፤ ይከፈታል የሚልም የለም። እርሱን ስጠብቅ ግን አንቺን ያለ ለቅሶ አስቀረሁሽ። እርም ማውጣት መርሳት አይደለም፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ዳዊቴን በከፈትሁ ቁጥር ክርንሽን እጠብቃለሁ።

ነገ መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ ይቅርታ ጠይቄ ድንኳኑን አስመጣለሁ። ቀጥሎ ግቢውን አስጠርጋለሁ። የድንኳኑን አፍ ወደ ውኃው፣ ወደ ደልጊ አስዞራለሁ፤ ወደ መንገዱ ይሁን የሚለኝ ቢመጣ አልሰማውም። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እቀመጥና ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ።