ለክብርት ልጄ፤ ስለ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክና ስለ ይለፍ ቃሉ

ለክብርት ልጄ፣
የቤታችን ኮምፒውተር ብቸኛ ባለሥልጣን፣
ባሉበት ክፍል

ጉዳዩ፦ የይለፍ ቃል እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ (ይቅርታ ስለመጠየቅ አይደለም)

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጤንነትዎ እንደምን እንደሆነ ለመጠየቅ እወዳለሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን በደብዳቤ መጠየቄ ቢያስገርምዎ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳም ካለበት ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከአንደበትዎ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር «እማዬ፣ ጨዉን እንዲያቀብለኝ ንገሪው» የሚል ስለሆነ ነው። እኔ በበኩሌ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ጨዉንም አቀብያለሁ።

ሐሙስ የመመረቂያ ጽሑፍዎን በመምህራንዎ ፊት እንደሚያቀርቡ፣ ለዚህም ክብርት እናትዎና አክስትዎ እንደተጋበዙ ከሰው አፍ ሰምቻለሁ። አባትም ይጋበዝ አይጋበዝ የሚናገር ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ወደዚህ ጉዳይ ከመግባቴ በፊት የሆነውን ነገር ከሥሩ ላስረዳ።

እንደሚያውቁት፣ ዕድሜዬን በሕንፃ ፕላን ነዳፊነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁና፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ያልተበላሸ ነገር ፈልጌ የምጠግን ሰው ነኝ። ጎረቤታችን የሬዲዮ ጠጋኙ፣ ሰፈሩ «ቮልት» የሚለው፣ ከሞተ ኮምፒውተር ያወጣውን ሃርድ ዲስክ ሰጠኝ። በእርሱ ላይ ዩኒክስ ከሚባለው ወገን የሆነ ነጻ ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም፣ ብጭንበት፣ ጽሑፍዎ ያለበት የመጀመሪያው ዲስክ ሳይነካ፣ ኮምፒውተሩ ሲያሻን በአንዱ ሲያሻን በሌላው እንደሚነሳም ነገረኝ። ቮልት አልዋሸም። ጣጣው የመጣው ፕሮግራሙ «ማስነሻውን በየትኛው ዲስክ ላይ ላስቀምጠው?» ብሎ በትሕትና በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ማስነሻ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛው ስርዓት እንደሚገባ የሚወስን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እኔም ወዲያው ዘበኛ መሆኑ ገባኝ። የዘበኛ ቤት ደግሞ ዋናው በር ላይ እንጂ ጓዳ በር ላይ ተነድፎ አያውቅም፤ ስንቱን ፕላን የነደፍኩ ሰው ይህን ልሳት? ስለዚህ በሙሉ የሙያ ኩራት የመጀመሪያውን ዲስክ፣ ማለትም የእርስዎን ዲስክ፣ መረጥኩ። ዘበኛውም ዋናው በር ላይ ቆመ። ቁልፎቹንና የሚገቡትን ሰዎች ዝርዝር ግን ለካስ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ትቷቸው ኖሯል።

እርስዎ መጥተው ሁለት ምርጫ የሚያሳየውን ስክሪን ሲያዩ «ጽሑፌን ነካህብኝ?» ብለው ደነገጡ። እኔም ምንም እንዳልነካሁ ለማሳየት ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሁለተኛውን ዲስክ እንደ ጥርስ ነቅዬ አወጣሁት። የተከተለውን አብረን አይተናል፤ ጥቁር ስክሪን፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ፣ ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት። ዘበኛው ዝርዝሩ ጠፍቶበት የቤቱን ባለቤት እንኳ አላስገባም አለ። እርስዎ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ደግሞ፣ የሰው ጉድ ነኝ መቼም፣ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ዲስኩን ከእጄ ወስደው ቦታው መልሰው፣ ኮምፒውተሩን በአዲሱ ስርዓት አስነስተው፣ በዚያው በኩል የመጀመሪያውን ዲስክ ከፍተው ጽሑፍዎን አንድ ፊደል ሳይጎድል አግኝተውታል። ይህ ካቻቢቴ ይዞ ላብ ሲያጠምቀው ለዋለ ሰው ከባድ የክብር መነካት ነው። ለወጉ ያህል እንኳ ትንሽ ቸገር ቢልዎ ምን ነበረበት?

፪ኛ፦ በስርዓቱ ውስጥ ሁሉን ማድረግ የሚፈቀድለትን የዋናውን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ቀይረው፣ ለእኔ «እንግዳ» በሚል ስም መግቢያ ከፍተውልኛል። በዚህ መግቢያ ካርታ መጫወትና ሰዓት ማየት እንደምችል አረጋግጫለሁ፤ ስለተሰጠኝ ሰፊ ሥልጣን ምስጋናዬ ይድረስዎ። የድሮውን የይለፍ ቃል ከየት እንዳገኙት ክብርት እናትዎን ብጠይቅ፣ የልደት ቀንዎን ጽፈው በመጀመሪያው ሙከራ እንደከፈቱት ነገሩኝ። ታዲያ ሰው የልጁን ልደት ካልጻፈ የማንን ሊጽፍ ኖሯል?

፫ኛ፦ አዲሱን ስርዓት «ከድሮው ይፈጥናል» ብለው ጽሑፍዎን እዚያው ላይ መጨረስዎን ሰምቻለሁ። ይህ እኔ ልክ እንደነበርኩ የሚያሳይ ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፉ የምስጋና ገጽ ላይ ስሜ ይኖር እንደሆነ ሰው ልኬ ባስጠይቅ፣ ቮልት አለበት፤ እኔ የለሁበትም።

፬ኛ፦ ይህን ቁጥር ለትልቁ ቅሬታዬ ይዤው ነበር። ብዕሬን ሳነሳ ግን የመጣልኝ የእኔ ሳይሆን የእርስዎ ቅሬታ ነው። በዚያ ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጎረቤቶች ፊቴ ለምን እንደጠቆረ ቢጠይቁኝ፣ «ልጅቷ ኮምፒውተሩን ነካክታ አበላሸችው፤ የዛሬ ልጆች!» ብዬ መለስኩ። አፌን በቆረጠው! ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወጥቶ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉ ሲገኝ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ዝምታዎ ስለ ዲስኩ አለመሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጣም አፍሬያለሁ። ደብዳቤውን በቤት ውስጥ ከመስጠት ይልቅ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት የሕንፃችን ሰሌዳ ላይ የሰቀልኩትም፣ ሐሜቱን የዘራሁት በአደባባይ ስለሆነ ነው።

ስለሆነም የይለፍ ቃሉ በእጅዎ ይቆይ፤ እዚያ ይሻለዋል። ለሐሙስ ግን ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ወንበር እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ጥያቄ እንዳልጠይቅ፣ እንዳላስል፣ በተለይም ፕሮጀክተሩ አጠገብ እንዳልደርስ ከወዲሁ ቃል እገባለሁ።

ከማይቋረጥ አክብሮትና ከብዙ ትሕትና ጋር፣
በገዛ ቤቴ «እንግዳ» ተብዬ የተመዘገብኩት
አባትዎ

ግልባጭ፦
ለክብርት እናትዎ (ጨው በማስተላለፍ ስለደከሙ)
ለአቶ ቮልት (ሌላ ዲስክ እንዳይሰጡኝ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደረጃው ላይ ቆማችሁ ይህን የምታነቡ የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ ያን ቅዳሜ የነገርኳችሁን ገና ዳቦዬን ይዤ ሳልመለስ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ስላዳረሳችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያዳነችው እርሷ ናት። እባካችሁ ይህንንም በዚያው ፍጥነት አድርሱልኝ፤ ልጄ ያለችው ከክፍሌ ግድግዳ ማዶ ነው፤ እኔ ግን በሯን ለማንኳኳት ድፍረት አጣሁ።