በኤክስ የሚጨርሱ ቃላትና የሐዋሳው ሦስት ቀን

ለወንድሜ ለዘሩባቤል አድነው፣
ባለህበት ጆሃንስበርግ።

ዘሩዬ፣ እንዴት ከርመሃል? በጣሙን እንዴት ነህ? ያ የሚያምህ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም በቅርንፉድ እያባበልከው ነው? ሱቁስ ደኅና ነው? እዚያ ብርድ የሚገባው እኛ ጋ ክረምት ሲሆን ነው ብለኸን ነበርና ጋቢህን ከሻንጣ አውጥተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእማዬ ደም ግፊት ወርዷል፤ የእህታችን የትሕትና ንዴት ግን አልወረደም። እኔ ታናሽ እህትህ ሶሲ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ውስጥ እግሬን ብቻ ሌት ተቀን ይበላኛል። እማዬ «መንገድ አለብሽ ማለት ነው» ትላለች። ትሕትና ደግሞ ሳንኳረፍ በፊት «ካልሲሽን እጠቢ» ብላኝ ነበር።

ለምን በስልክ እንደማልነግርህ ታውቃለህ። አንተ ስትደውል እማዬ ድምፁን ከፍ ታደርገውና ግቢው በሙሉ ያዳምጣል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ካርድህ ያልቃል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ፋኑኤል ለፋሲካ መጥቶ ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለሚመለስ በእጁ አስይዤዋለሁ። ከፍቶ ካነበበው ኮፍያው ሥር ምን እንደቀረ ለሶዶ ሴቶች ሁሉ እናገራለሁ ብዬዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ሃይማኖት ለቃላት ውድድር መርጣኛለች። ውድድሩ ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው፣ ሐዋሳ፣ ሦስት ቀን። አንድ ፊደል ይሰጡሃል፤ በዚያ ፊደል የሚጨርሱ አጫጭር ቃላት ከነትርጉማቸው ሳትተነፍስ ትደረድራለህ። ዝም ካልክ ወጣህ። ሌሎቹ ልጆች ቲን እና ዲን ተሻምተው ወሰዱ። ኤክስን ሁሉም የሚያውቀው ፈተና ወረቀቱ ላይ ስለሆነ የሚነካው ጠፋ፤ እኔ አነሣሁት። ቦክስ ሣጥን፣ ፎክስ ቀበሮ፣ ኦክስ በሬ፣ አክስ መጥረቢያ፣ ዋክስ ሰም፣ ታክስ ግብር፣ ሚክስ ማደባለቅ፣ ፊክስ መጠገን፣ ሲክስ ስድስት። ባጃጅ ውስጥ እላለሁ፣ ሽንኩርት ስከትፍ እላለሁ። እማዬ «እንደዚህ ዳዊት ብትደግሚ እኮ ይሄኔ ጸድቀሽ ነበር» ትለኛለች።

አባባ እንቢ አሉ። እንቢ እንኳ አላሉም፤ ሐዋሳ የሚለውን ሲሰሙ ተነሥተው የግቢው ቧንቧ በደንብ መዘጋቱን ሊያዩ ወጡ። አንተ ስትደውልም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በሶዶ ከተማ እንደ እኛ ቤት ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ቧንቧ የለም።

እንግዲያው በወግ ልሂድባቸው ብዬ ሽማግሌ ላክሁባቸው። አዎ፣ በገዛ አባቴ ላይ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችን አቶ ቶማ ከእድሩ ሁለት ሰዎች አስከትለው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ከዘራ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት እሑድ ሦስት ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሚታሰብ እኔ ከየት ልወቀው! አባባ በመስኮት አዩና እማዬን «ፈጠነች! ትሕትናን ልብስ ቀይሪ በያት!» ብለው አንሾካሾኩ፤ ሹክሹክታቸው አረካ ድረስ ተሰምቷል። ትሕትና ወጥ ቤት ገብታ ሊፒስቲክ ተቀባች። ማን እንደጠየቃት እንኳ ሳትጠይቅ!

አቶ ቶማን ታውቃቸዋለህ፣ መንገድ ሲያሳዩህ እንኳ ከአዳም ነው የሚጀምሩት። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ ስለ ዝናቡ፣ እንደ ድንች ስለሚቀቀለው ቦዬ መወደድ፣ ስለ ጉርብትና ካወሩ በኋላ «ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጁ የማን ልጅ ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?» አሉ። አቶ ቶማ ግራ ገባቸው። «ኧረ ልጅ የለም፤ ትንሿን፣ ለእንግሊዝኛ ነው» አሉ። ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። ትሕትና እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ሊፒስቲኩ ደግሞ የእኔ ነበር።

እኔ መጋረጃው ጀርባ አፌን ይዤ ስስቅ አባባ ግን አልሳቁም። «ለጓደኛዬ ሠርግ ሐዋሳ ሦስት ቀን ደርሼ ልምጣ ብሎ የሄደ ልጅ አውቃለሁ። የደወለው ከሞያሌ ነው» አሉ። አቶ ቶማ «ለእሷስ እኔ ዋስ እሆናለሁ» ቢሉ፣ «ቶማ፣ ያኔም ልጅ ነው ይመለሳል ያልከኝ አንተ ነህ» አሏቸው። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «ዋስ ካስፈለገ ያ የሄደው ራሱ ይሁን። ትመለሳለች ብሎ በአፉ ይንገረኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ እሺታ ቆጥረው፣ መርቀው፣ ዶሮውን አጣጥመው ሄዱ። ጉዳዬ በእንጥልጥል ቀረ፤ የእነሱ ሆድ ግን በእንጥልጥል አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ መናኸሪያ ይወስደኛል፤ ረዳቶቹ «ሐዋሳ! ሐዋሳ! አንድ ሰው!» ሲሉ ቆሜ ሰምቼ እመለሳለሁ። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። አንተንም እንዲህ ነበር የሚበላህ? ከሆነ አልፈርድብህም። እኔ ግን መመለስ አለብኝ፤ ዋንጫ ይዤ ካልተመለስኩ ትሕትናን በምን አናድዳታለሁ?

ማክሰኞ ጠዋት አባባ ጓሮ ጢማቸውን ሲላጩ እኔ እንሰቱ ሥር ቃላቴን እደግም ነበር። ሲክስ ላይ ስደርስ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ «ፋክስን ረሳሽው» አሉኝ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ዞን መዝገብ ቤት ሳሉ ማሽኑ በእሳቸው እጅ ነበር ለካ። «ሩቅ ያለ ሰው የላከው ወረቀት ወዲያው የሚወጣበት ነው። እንደ ዳቦ እየሞቀ ነበር የሚወጣው። ስትይዢው የላከው ሰው ግድግዳው ጀርባ ያለ ይመስልሻል» አሉና ምላጩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አረፋው ፊታቸው ላይ ደረቀ። እኔ ሶሲ፣ የማሾፍበት አጣሁ።

ስለዚህ ዘሩዬ፣ ይቅርታ ጠይቅ አልልህም፤ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውል። በእማዬ ስልክ አይደለም፣ በአባባ። ሶሲ ትመለሳለች በላቸው። ስለ ራስህ ከጠየቁህ ግን የማታደርገውን አደርጋለሁ እንዳትል፤ የአንተ ሁለተኛ ውሸት የእኔንም እውነት ይዞት ይሄዳል።

እማዬ ሳመችህ፤ የሚያቃጥለውን የዳጣ በርበሬ በሁለት ላስቲክ ጠቅልላልሃለችና ፋኑኤል ሳይቀንስበት ተቀበለው። ትሕትና በእማዬ በኩል ሰላም ብላሃለች። አቶ ቶማም ሰላም ይሉሃል፤ ሰላምታቸው ሌላ ወረቀት ስለሚፈልግ አሳጠርኩት። አብረውህ ለሚኖሩት የአረካ ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም። ግን ትናንት ስልካቸውን ቻርጅ ላድርግልዎ ብዬ ተቀበልኩና ስምህን ፈለግሁ። ዘሩ ደቡብ አፍሪካ የሚል የለም። ዘሩ ጆበርግ የሚልም የለም። የዚያ አገር ረጅም ቁጥርህ ላይ የጻፉት «ዘሩ ሐዋሳ» ብለው ነው።

ታናሽ እህትህ ሶሲ አድነው
ወላይታ ሶዶ
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.