የሐይቁ ስንቅ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለኡበይድ፣ ባለህበት በስዊድን አገር።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲሆን የሚያምህ ጉልበትህ ተሻለው ወይ? ሥራውስ፣ ጎረቤቱስ፣ እንቅልፉስ እንዴት ይዞሃል? በኛ ክረምት እዚያ ሌሊቱ አይጨልምም ካልከኝ ወዲህ መቼ እንደምትተኛ ማሰብ የኔ ሥራ ሆኗል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ካንተ ናፍቆትና ከዚህ ሙቀት በቀር የሚያስቸግረን የለም።

ይህን በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ የምልክልህ፣ በስልክ ስናወራ እማዬ ከጎኔ ንቅንቅ ስለማትል ነው። እሷ እየሰማች የማልለው ነገር አለኝ። ረጅም ነገር ሲሆን መሃል ላይ መተው ልማድህ ነው፤ ግን ታላቅህ ነኝና ይህን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው የሚያዝያው ስልክህ ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ በሐምሌ ፈቃድ ወጥተህ በጀልባ ልትሄድ እንደሆነ፣ አሥራ ሁለት ቀንም ካምፕ እንደምታድር ነግረሃት መስመሩ ጠፋ። አንተ የምታወራው ስለ ሽርሽር ነበር። ግን ወንድሜ፣ በኛ አገር ጀልባና ካምፕን ለሽርሽር የሚያውቃቸው ማን አለ? ካምፕ ማለት የካራቆሬዋ አክስታችን ቤቷን ጥላ ወጥታ በድንኳን የከረመችበት ነው። ጀልባ ማለት ደግሞ አንተን የወሰደህ ነው። እማዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «ልጄ ሊመለስ ነው፤ በሄደበት መንገድ ሊመጣ ነው» አለች።

እኔም አመንኳት። ወሬው መግሪብ ሳይሰገድ ሰፈሩን አዳረሰው። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ እያለ ገባ፣ ወጣ። በማግስቱ ያንተን ክፍል ቀለም አስቀባች። ለአረፋ ሊታረድ የነበረውን ሙክትም «ይህ የኡበይድ ነው» ብላ አስቀረችውና በዓሉን በተገዛ በግ አለፍነው። ሙክቱ ይኸው እስከ ዛሬ ደጃፍ ላይ ታስሮ የማሾ ገለባ ይበላል፤ እኔን ሲያይ ጥፋቱ የኔ ይመስል ይጮህብኛል። በየቀኑም፣ «ብቻ በጀልባ አይምጣ። ባዶ እጁን ቢሆንም በአውሮፕላን ይምጣ በይው» ትለኝ ነበር።

የምትቀዝፍባቸውን ሐይቆች ካርታና የጉዞህን ዕቅድ የላክህልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከሐይቅ ሐይቅ እየቀዘፍክ፣ ሲመሽ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ድንኳን ተክለህ፣ ዓሣ አጥምደህ ጠብሰህ ልትበላ። አልዋሽህም፣ ተናደድኩ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ሲል ኖረ፤ ወረቀቱ ሲገኝ ውሃ ላይ ሊንሳፈፍ!» ብዬ በአማችህ በበድሩ ላይ ጮህኩበት። እሱ ምን ያድርግ? ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። እኔም ብቻዬን ስቀር መልእክትህን እንደገና ከፈትኩት፤ በንዴት ያላነበብኩት መጨረሻ ነበረው። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳያሳድድህ፣ በቀን ብርሃን፣ የት እንደምትደርስ አውቀህ ጀልባ ላይ መቀመጥ እንደምትፈልግ ጽፈሃል። አለዚያ ውሃ ባየህ ቁጥር አብሮህ ወጥቶ ባሕር ላይ የቀረው ሷሊሕ እንደሚመጣብህም ጽፈሃል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አልጠየቅኩህም፣ አንተም ነግረኸኝ አታውቅም። አለቀስኩ። ቁጣዬም እዚያው ቀረ።

ያም ሆኖ ለእማዬ ለመንገር ወር ፈጀብኝ። ባለፈው ጁምዓ ግን ቆርጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና የጀልባውን ፎቶ አሳየኋት። «ይሄማ ገበቴ ነው!» አለች። ልጅ ሆነህ ገበቴዋን ይዘህ ወጥተህ ሮቢ ወንዝ ላይ ስትሳፈርበት ጎርፍ የወሰደባትን እስካሁን አልረሳችም። በሐይቆቹ መካከል ባለው ደረቅ መሬት ጀልባውን ትከሻህ ላይ አድርገህ እንደምታልፍ ስነግራት ደግሞ፣ «ጀልባ ሰው ይሸከማል እንጂ ሰው ጀልባ ይሸከማል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ገባት። «እንግዲያ ወደኛ አይደለማ የሚመጣው» አለች። ከዚያም ተነስታ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ታጠበች።

ሰግዳ ስትነሳ የጠየቀችኝ አንተ ምን እንደምትበላ ብቻ ነው። ከዝርዝርህ ላይ ሩዙን፣ መኮሮኒውን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የታሸገ ሾርባ አነበብኩላት። «ይሄ ስንቅ ነው?» አለችና ገብስ ልትቆላ ተነሳች። የሷሊሕ እናት እማ ሐጂራ ሽታው ጠርቷቸው መጡ፤ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ ወንፊቱን ተቀብለው አብረዋት በሶውን ሲነፉ አመሹ።  እኔ ግን ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ሐይቁን ተው አልልህም። ሂድ፣ ቅዘፍ፣ ድንኳንህንም ትከል፤ ላንተ መድኃኒት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ፈቃድህ አምስት ሳምንት ነው ብለኸኛል። ሐይቁ እንደኛ ወንዝ በጋ አይቶ የሚደርቅ አይመስለኝም፤ ነሐሴ ላይም እዚያው ታገኘዋለህ። እማዬ ግን ካቻምና የነበረችው እማዬ አይደለችም። መስጊድ ድረስ በእግሯ ትሄድ የነበረችው ዛሬ በበድሩ ባጃጅ ነው የምትሄደው። እኔም ናፍቀኸኛል ኡበይድ። መንገድ ዳር ማሾ እየሰፈርኩ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው አያለሁ፤ ስፍሬም ይጠፋኛል፣ ገበያተኛውም ይቆጣኛል። እንደማትመጣ እያወቅኩ ነው የማየው። መጀመሪያ ወደኛ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ሁን።

በድሩ ሰላም ብሎሃል፤ በመጣህ ዕለት ባጃጁን አጥቦ ከመናኸሪያ ሊቀበልህ ቃል ገብቷል። ልጄ አሲያ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ድንኳኑን ይዘህ ከመጣህ ግቢ ውስጥ ልታድርበት ነው። እማ ሐጂራ «ብቻውን ውሃ አይውረድ፤ ዳር ሲደርስም ለልጄ ፋቲሓ ይቅራለት፣ ዱዓም ያድርግለት» ብለውሃል። ይህን አደራ እንዳትረሳ።

የእማዬን መጨረሻ ያደረግኩት ሰላምታዋ ከሌላው ስለሚለይ ነው። በሶውን በነጭ ከረጢት ቋጥራ፣ ቴምር ጨምራበት፣ በሩ አጠገብ ካለው ችካል ላይ ሰቅላዋለች። የጎረቤታችን የመምህር ፍፁም እህት በዚህ ወር ወደዚያው አገር ስለምትበር ልስጣትና ታድርስለት ብላት እጄን ከከረጢቱ ላይ አነሳችው። «ያኔ ጎህ ሳይቀድ፣ ሳይነግረኝ ወጣ። ስንቅ አልቋጠርኩለትም። አሥራ አንድ ዓመት ልጄ በባዶ ሆዱ ነው የሄደው እያልኩ ነው እንጀራ የምቆርሰው። ዘንድሮ ግን ሳይሄድ ነገረኝ። ለነገረኝ ልጅ ስንቁን በሰው አልልክም፤ መጥቶ ከእጄ ይቀበለኝ» አለች።

እህትህ ሩዋይዳ
ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.