አበባው ቅጠል የሆነው አረም

ነሐሴ 1፣ 1980 ዓ.ም.

እሁድ። የቀበሌው ዘመቻ ነበር። ከእንጦጦ የወረደው ጭጋግ ሳይገፈፍ ወጥተን መንገድ ዳር ቅንጬ አረም ስንነቅል ዋልን። እጄ እስከ ክርኔ ያሳክከኛል። ጎረቤቴ ጋሽ ሰቦቃ እሬት ቆርጠው በአጥር አቀበሉኝ። ደግ ሰው።

ነሐሴ 8

የሟቹ ባሌ የሸሪፍ የወንድም ልጅ ሳልህ መጣ። ግብርና ሚኒስቴር ነው የሚሠራው። አጥሩ ሥር አንድ ቅንጬ አረም አይቶ ተንበረከከ። ነጩ አበባ የለውም... በቦታው ትንንሽ ቅጠል።

«ታሟል፣ አክስቴ። በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ይህች የምትዘለው አረንጓዴ ትንኝ ከታመመው ትመጥና ለጤነኛው ታደርሰዋለች። እንዲህ ከሆነ በኋላ ዘር የለውም።»

ዘር የለውም! ፊደል ብቻዬን ከጋዜጣ ለቅሜ ስንቱን አነበብኩ፤ ይህን ግን የትም አላገኘሁም።

ነሐሴ 14

የታመሙትን ከየቦታው ለቅሜ አጥሩ ሥር ተከልኩ። በሽታውን ለጤነኞቹ አረሞች ያጋቡ ብዬ። ዙሪያቸውን ስኮተኩት ጋሽ ሰቦቃ አዩኝ።

«ሱልጣና፣ ጎመኑን ትተሽ አረም ትኮተኩቻለሽ? ብቻን መኖር እዚህ ያደርሳል እንዴ?»

ሳቅኩ። መልስ አልሰጠሁም። መቼ ሰጥቼ አውቃለሁ?

ነሐሴ 29

አጥሩ ማዶ የጋሽ ሰቦቃ ባቄላ... አበባው አረንጓዴ ነው። ቅጠል። ያቺ ትንኝ ለካ ለአረምና ለእህል አትለይም። ሰውየው ዓመቱን የሚበሉት ይህን ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው።

ገና አላዩም። ዝም ብልስ ማን ያውቃል?

ሸሪፍ ደም ሲተፋ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ዝም አልኩ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው አልቆ ነበር።

ነሐሴ 30

በበራቸው ዞሬ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልህ ያለውን፣ የተከልኩትን፣ ባቄላውን። አበባውን አገላብጠው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ቀና ብለው፦

«ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ፣ ይህን ያህል አውርተሽኝ አታውቂም።»

ዓይኔን ወደ ባቄላው መለስኩ።

«በይ ነይ፣ ሳይዛመት እንንቀል።» ከአጥሩ ሁለት እንጨት ነቅለው አሳለፉኝ። በሁለቱም በኩል የታመመውን ነቅለን አቃጠልን።

መስከረም 20፣ 1981

አጥሩ ዳር ያለው ባቄላ ባዶ ቀረ። መሃሉ ግን አፍርቷል... አልሐምዱሊላህ። ጋሽ ሰቦቃ የአጥሩን ክፍተት መልሰው አልዘጉትም። እኔም ዝጉት አላልኩም።

ዛሬ ድንች ቀቅዬ ጠራኋቸው። ስለ ሸሪፍ ጠየቁኝ። ከእሳቸው በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳቁን፣ መኪና አነዳዱን፣ ሕመሙን፣ ዝምታዬን... አወራሁ፣ አወራሁ። ድንቹ ቀዘቀዘ። ሊሄዱ ሲነሱ ደህና ይደሩ ልል አፌን ከፈትኩ። ከወሬው ብዛት ድምፄ ተዘግቷል።